ሾላው የማን ነው?

ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ በሚወጣው ተረተር ላይ እንስሳትና ወፎች በአንድ ሶንጎ፣ ማለትም በአንድ ሸንጎ፣ የሚተዳደሩበት ዘመን ነበር። አገሩ ያኔም እንደ ዛሬው ጥላ በጥላ ነው፦ ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው ግርጌ ጎመንና ጎደሬ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ወርዶ፣ ድኩላ ከጥሻው ወጥቶ፣ ጃርት ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ በአንድ ትልቅ ወርካ ሥር ይሰበሰባሉ። ነገር ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይፈርዳሉ። አባ ገዳቸው አንድ ሸበቶ ድኩላ ነበር። የእሱም ሥልጣን በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት እንደተለመደው ስምንት ዓመት ሲሞላው ለተተኪ የሚሰጥ ነው። በሶንጎው የሚነገረው ሁሉ በቀን ብርሃን ይነገራል፤ አልሰማሁም የሚል አይገኝም።

ችግሩ ሌሊቱ ነበር። ከሰባት ወንዝ ማዶ የሚመጡ ከርከሮዎች በአንድ ጨረቃ አልባ ሌሊት ገብተው፣ ጥንቸሎቹ ለዓመታት የኮተኮቱትን እንሰት ከነሥሩ ገልብጠው፣ አሚቾውን በልተው ሄዱ። እንሰት በየክረምቱ የሚተካ ተክል አይደለም፤ የጠፋው የልጅ ልጅ ቀለብ ነው። ሲነጋ ሶንጎው ተቀመጠ።

«በቀን የሚያይ ሞልቶናል፤ በሌሊት የሚሰማ ግን የለንም» አለ አባ ገዳው።

የሌሊት ወፎች ተመረጡ። ከቱቱ ፈላ ጥንታዊ የድንጋይ ትክሎች በላይ ያለው ዋሻ ማደሪያ እንዲሆናቸው፣ ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ ሾላ ደግሞ ቀለብ እንዲሆናቸው ተሰጣቸው። ሾላው የሁሉም ነበር። ቁራም ጦጣም ከፍሬው መብላት ያቆሙት ለጥበቃው ብለው ነው። አደራውም በወርካው ሥር፣ ሁሉም እየሰማ ተነገረ፦ «የሚመጣውን ጠላት ስሙ። የሰማችሁትን ለሶንጎው ንገሩ። ሶንጎው ሳይፈቅድ ማንንም አትንኩ።»

በሁለተኛው ዓመት ከርከሮዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ገና አራተኛውን ወንዝ ሳይሻገሩ ተሰሙ። ጃርቶቹ እሾሃቸውን አቁመው ጠበቋቸው። አንድም እንሰት አልተነካም።

ይህን የጻፍኩት የሌሊት ጠባቂ ከነአካቴው አያስፈልግም የሚል ካለ እንዲያስብበት ነው። በሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ የገቡት የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ ሲወጡ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ተኩስ ከፈቱባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰና ተረፉ። የታጣቂዎቹ ዱካ ድንበር ተሻግሮ ስለሄደ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዓመቱ በሱዳን ላይ ማዕቀብ ጣለ። እንግዳዋን ደጃፏ ላይ ልታጣ የነበረች አገር፣ በሌሊት የሚሰማ ጆሮ አያሻትም ማለት አይቻልም። ጥያቄዬ ጆሮው ራሱ ማንን እንደሚፈራ ነው።

በአራተኛው ዓመት የዋሻው አለቃ ወደ ድኩላው በጨለማ መጣ።

«አባ ገዳ፣ ሶንጎው ላይ ጦጣም አለች፣ ቆቅም አለች። ጦጣ የሰማችውን ከርከሮ ሳይነጋ ይሰማዋል። ካሁን ወዲህ ለእርስዎ ብቻ ብንነግርስ?»

አባባሉ ምክንያት ያለው ነበር። ድኩላው አሰበና ተስማማ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የዋሻው ወሬ ወደ አንድ ጆሮ ብቻ ይፈስስ ጀመር። ሦስት ወር ሳይሞላ አለቃው ሌላ ነገር አመጣ፦ «ከርከሮ ስናዳምጥ ጃርቱ ስለ እርስዎ ያለው ነገር በጆሮአችን ገባ።» ድኩላው «አትስሙት» አላለም፤ «ስሙት»ም አላለም። ዝም አለ። የዋሻው አለቃም ዝምታውን ትእዛዝ አድርጎ ይዞት ሄደ።

በዓለም ላይ ከተሰጡት የስለላ ትእዛዞች ስንቶቹ እንዲህ በዝምታ ተሰጥተው ይሆን? የተጻፈ ትእዛዝ አንድ ቀን ይገኛል፤ ዝምታ ግን መዝገብ ቤት አይገባም። ስለዚህ ነው ቁጥጥር የሚባለው ነገር የበላዩን ሰው «ምን አዘዝክ?» ብሎ ብቻ የማይረካው። «ምን እያወቅህ ዝም አልክ?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ የመጣው ፍም ነበር። አለቃው ከርከሮዎቹን ከመጠበቅ ይልቅ አገራቸው ድረስ ሄዶ ሣራቸውን ማቃጠል ይሻላል አለ። ድኩላው «እንዴት እንደምታደርጉት አልጠይቃችሁም» ብሎ ፊቱን አዞረ። የሌሊት ወፎቹ ከከሰል ምድጃ ፍም በአፋቸው ይዘው ሰባቱን ወንዝ ተሻገሩ። ደረቁ ሣር ነደደ፤ የከርከሮ ግልገሎች በእሳቱ ውስጥ ቀሩ። የከርከሮዎቹ በቀል ግን ዋሻው ላይ አላረፈም፤ ዋሻውን አያውቁትም። ያረፈው ዳር ላይ በሚኖሩት ጥንቸሎች ላይ ነበር።

የተረፉት ጥንቸሎች ወርካው ሥር መጥተው አለቀሱ። «ምን በደልናቸው? ዘንድሮ ድንበራቸውን እንኳ አልረገጥንም!» ሶንጎው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቀው አንዱ ደግሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በምሥጢር የተሠራ ሥራ ዋጋው በምሥጢር አይከፈልም። ይህን አሜሪካኖች በእ.ኤ.አ. 1975 በአደባባይ አንብበውታል። ሴናተር ፍራንክ ቸርች የመሩት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ የአገሩን የስለላ ድርጅት መዝገብ ሲገልጥ በውጭ አገር መሪዎች ላይ የተወጠኑ የግድያ ሤራዎች ወጡ። አንዱ በኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ላይ ነበር። መርዝ እስከ ሊዮፖልድቪል ድረስ ተልኮለት ነበር፤ በመጨረሻ የገደሉት ግን የገዛ አገሩ ባላንጣዎች ሆኑ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮንጎ ውስጥ ሰላም ለማስከበር ዘምተው ነበር። የእኛ ልጆች ከፊት ለፊት የቆሙበት ምድር ከኋላ በኩል በማን እጅ እየተነካካ እንደነበር እናቶቻቸው የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። የቸርች ኮሚቴ ተበተነ፤ ከእሱ ግን በ1976 ቋሚ የስለላ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ፣ በ1978 ደግሞ የክትትል ፈቃድ የሚሰጥ ልዩ ፍርድ ቤት ተወለዱ። የተወለዱት ሁሉ ሥራቸውን በደንብ ሠሩ አልልም። ነገር ግን የሚጠየቅበት በር ተበጀ።

ወደ ወርካችን ልመለስ። ድኩላው ስምንት ዓመቱን ፈጽሞ ለሚዳቋው አስረከበ። ሚዳቋው የመጀመሪያዋን ሌሊት ሳይተኛ የዋሻው አለቃ ከደጃፉ ተገኘ፤ ስለ እያንዳንዱ የሶንጎ አባል አንዳንድ ነገር ሹክ አለውና፣ በመጨረሻም ስለ ሚዳቋው ስለራሱ አንድ ነገር ጠቀሰ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሚዳቋው ስለ ዋሻው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

በወርካው ሥር ይናገሩ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ቀሩ። ጃርቱ ልጁ አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰለትም። ጉሬዛዎቹ የሚያወሩት ሁሉ በማግስቱ ዋሻ ውስጥ እንደሚደገም ሲያውቁ ነጩን ካባቸውን ጠቅልለው ባሕር ማዶ ተሰደዱ። እዚያም ከሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ስለ አገራቸው ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ። ይህ የዋሻውን አለቃ አናደደው። የዋሻው ወፎች ባሕር አቋርጠው መብረር አይችሉም፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር ነጋዴዎች የሚሰማ ጭጎጎት ገዛ። ጭጎጎቱ ከጸጉር ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀበት አያውቅም፤ ከእናቱ ጋር የሚያወራውን ሳይቀር ወደ ዋሻው ይልካል። የተላከውም የአገር ቤት ወሬ መስሎ ነው፤ ናፍቆት ያለበት ጉሬዛ እንዲህ ያለውን ሳያገላብጥ ያቅፈዋል።

እዚህ ላይ ተረት ከሆነው ይልቅ ያልሆነው ይበዛል። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ፊንስፓይ በሚባል መሰለያ ተይዞ እንደነበር ታወቀና፣ ለደህንነቱ «ኪዳኔ» በሚል ስም ሆኖ በእ.ኤ.አ. 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። ከውጭ አገር ያሰራጭ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ደግሞ በ2013 መጨረሻ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በሚሸጠው መሣሪያ ዒላማ ተደርገው እንደነበር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ አጋለጠ። ይኸው ቡድን በ2017 ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ በተገዛ መሣሪያ የኦሮሞ ጉዳይ ተከራካሪዎች፣ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ፣ እንደተነጣጠረባቸው ጻፈ።

ጉሬዛው በተሰደደበት ደን ዳኛ ፊት ቀረበ። ጭጎጎቱን ከጸጉሩ ነቅሎ አሳየ። ዳኛው አገላብጦ አየውና «ጭጎጎቱ እዚህ ተገኝቷል፤ የላከው እጅ ግን ከባሕር ማዶ ነው። ድርጊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኔ ደን ስላልተፈጸመ የሌላ ደን ሶንጎ ላይ አልፈርድም» አለው። የኪዳኔም ክስ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። በባዕድ አገር መዳኘት የማይቻል፣ በአገር ቤት ደግሞ የሚያይ ዓይን የሌለው ሥራ እንዲህ በሁለት ደን መካከል ይኖራል።

የዋሻው አለቃ ያላሰበው ሌላ ነገር ነበር። የሚያየው ስለሌለ ጥንቃቄውን ተወ። የጭጎጎቱ ነጋዴ ጎተራ አንድ ቀን ተሰበረና ማን ምን እንደገዛ፣ ምን እንደተጻጻፈ፣ ስንት እንደከፈለ ሁሉ በገበያ መሀል ተበተነ። በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ከሃኪንግ ቲም 400 ጊጋባይት ያህል ሰነድ ሲዘረገፍ የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ሰዉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢንሳ የሚለው፣ ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በሳይበርቢቱ ጊዜ ደግሞ ዒላማዎቹ የተመዘገቡበት ፋይል ማንም ሊያነበው በሚችል የኢንተርኔት ሰርቨር ላይ ተትቶ ነበር። ቁጥጥር ምሥጢር ያወጣል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ። ያ ምሥጢር የወጣው ያለ ቁጥጥር ነው።

ሚዳቋውም ለሰሳው አስረከበ። ሁለት ባሌ አለፈ፤ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ወርካው ሥር በሥልጣን የተቀመጡት ሁሉ አዲስ ነበሩ፣ የዋሻው አለቃ ብቻ ያው ነበር። አሥራ ሰባት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የደህንነት ኃላፊው ክንፈ ገብረመድኅን በግንቦት 1993 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ የደህንነት መሥሪያ ቤቱን የያዙት ጌታቸው አሰፋ እስከ 2010 ዓ.ም. ከወንበሩ አልተነሡም። በዚያ ውስጥ መለስ ዜናዊ አርፈዋል፣ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተተክተው ለቀዋል። የጌዴኦ አባቶች አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በላይ የሕዝብን በትር እንዳይዝ የወሰኑት በቀን ለሚታይ ሥልጣን ነው። በሌሊት ለሚሠራው የቀን ገደብ ያበጀለት ሰው አልነበረም።

ሰሳው ወጣት ነበርና ሶንጎው ግፊት ሲያደርግበት የዋሻውን አለቃ ጠራው። ወርካው ሥር በቀኝ ወፎች፣ በግራ አራዊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠየቁ፦ «ሥራህን ንገረን።»

«ከአክብሮት ጋር፣ የእናንተ ሸንጎ እኔን አይመለከትም። ጥርስ አለኝ፤ ልጆቼን አጠባለሁ። አውሬ ነኝ» አለ አለቃው።

አራዊቱ ተቀበሉት፦ «እንግዲያስ ለእኛ ንገረን።»

«ከአክብሮት ጋር» አለ ደግሞ፣ «ክንፌን እያያችሁ ነው። የወፍ ነገር የአራዊት ሸንጎ አያየውም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ የሌሊት ወፍ አመል ከጥንት የታወቀ ነውና። ጃርቱ አልሳቀም። እኔም ስጽፈው አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም ነገሩን አውቀዋለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የሰው ቤቱ፣ ደብዳቤው፣ የስልክ ንግግሩ እንደማይደፈር ይናገራል። በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎትን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 804/2005 ተጠሪነቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አድርጎ፣ ሰውን ለመከታተል የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። የቀድሞው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001ም ለጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በወረቀት ላይ ክንፉም ጥርሱም ተቆጥሮ ሁሉም ዳኛ ተመድቦለታል። ይሁንና ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የስልክ መዝገቦች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ለመርማሪዎች ይደርሱ እንደነበር የተመረመሩ ሰዎች ተናግረዋል። ለምክር ቤቱ ጉዳዩ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ለፍርድ ቤቱ የአገር ምሥጢር ነው፤ ለዜጋው ደግሞ የለም ነው።

ከኋላ ኤሊ ተነሣች። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባት፤ ሁሉም ጠበቃት።

«ልጄ» አለችው፣ «ወፍ ሁን አውሬ እኔ አልጨቃጨቅህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወንዙ ዳር የምትበላው ሾላ የማን ነው?»

አለቃው ዝም አለ።

«ቁራ ከፍሬው የታቀበው ለአንተ ብሎ ነው። ጦጣም እንደዚያው። እኔም ከሥሩ የሚወድቀውን መልቀም ያቆምኩት ለአንተ ብዬ ነው። ያበላህ ሁሉ ሊያይህ መብት አለው።»

«እማማ፣ ዋሻው ውስጥ ያለው ከታወቀ ከርከሮ ይሰማል። ይህን ያህል ዓመት የደከምንበት ባንድ ቀን ይጠፋል።»

«የሰማኸውን አልጠይቅህም። ከርከሮው በየትኛው ወንዝ እንደሚሻገር፣ ማን እንደነገረህ፣ በየትኛው ስንጥቅ እንደምታዳምጥ ከአንተ ጋር ይቅር። እኔ የማየው የታዘዝከውን መሥራትህን፣ ያልታዘዝከውን አለመሥራትህን ነው። ይህን ከርከሮ ቢሰማው ምን ይጎዳሃል?»

ዋናው ነገር ይኸው ነው። የዋሻው ምሥጢርና የዋሻው ጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ በአንድ መጋረጃ ይሸፈናሉ፤ ምሥጢሩ እንዳይነካ ሲባል ጥፋቱም አብሮ ይከደናል። ኤሊዋ የጠየቀችው መጋረጃው እንዲነሣ አልነበረም። መሐላ ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ መግባት ነው የፈለገችው።

ሶንጎው ፈቀደ። ኤሊ ሦስት ቀን ተጉዛ ዋሻው ደረሰች። የከርከሮዎቹ ወሬ ከተቀመጠበት ግድግዳ አልፋ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ሌላ ግድግዳ አገኘች፤ የጃርቱ ንግግር፣ የቆቅ እንቁላል ቁጥር፣ ሚዳቋው በወጣትነቱ የሠራት አንዲት ስህተት፣ የራሷ የኤሊ የምሽት ጸሎት። ከዚያ ወዲያ ሰባት ጉድጓዶች ነበሩ። በሦስተኛው ውስጥ እሾሁ የተነቀለ ወጣት ጃርት ተኝቶ ነበር።

በኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ጸጋዬ በአዲስ አበባ ብቻ ሰባት የምሥጢር እስር ቤቶች መገኘታቸውን፣ በውስጣቸውም ሰዎች ይሰቃዩ እንደነበር ለሕዝብ ተናገሩ። ያን ዕለት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ብዙ ሰው አልቅሷል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን እንዴት እንደታወቀ ነው። ምክር ቤት ገብቶ አላገኛቸውም፤ ዳኛ በር አስከፍቶ አላያቸውም። የታወቁት ሥልጣን እጅ ስለቀየረ ነው። ሥልጣን እጅ ባይቀይርስ ኖሮ? ከዚያ ወዲህ አደም መሐመድ፣ ደመላሽ ገብረሚካኤል፣ ተመስገን ጥሩነህና ሬድዋን ሁሴን በተራ መሥሪያ ቤቱን መርተዋል። የአለቃ መቀያየር ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ይሻላል። ግን አለቃ መቀየርና ዋሻ ገብቶ ማየት አንድ አይደሉም።

ወጣቱ ጃርት ወደ አባቱ ተመለሰ። አለቃው ተሻረ፤ ጉድጓዶቹ ተደፈኑ። ኤሊ በየወሩ ዋሻ እየገባች ለሶንጎው እንድትናገር ተወሰነ። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አዲሱ አለቃ ለኤሊዋ ከደጃፉ ለስላሳ ሣር አነጠፈላት፤ የበሰለ ሾላም አቀረበላት። የሚያስፈሩ ወሬዎችን፣ ማንም ያልሰማቸውን፣ ለእሷ ብቻ ነገራት። በሦስተኛው ዓመት ኤሊ ወርካው ሥር ስትቀመጥ የምትናገረው እያጠረ መጣ፦ «ሁሉ ደህና ነው። እኔ የማውቀውን ብታውቁ እናንተም አትጠይቁም ነበር።» ክፋት አልነበረባትም። የጨለማን ወሬ የቀመሰ የቀኑ ጨዋታ ይቀልበታል፣ የሚያምኑት ባልደረቦችም ያገኛል።

«እማማ» አላት የተመለሰው ወጣት ጃርት፣ በሶንጎው መሀል ቆሞ፣ «ባሌ ለአባ ገዳ ብቻ ነው እንዴ? ለእርስዎስ ቀን የለዎትም?»

ኤሊ ብዙ ጊዜ ዝም አለችና «አለኝ» አለች። አንገቷ ላይ ያሠረችውን የአደራ ክር ፈታ ሰጠችው። የሌሊት ወፎቹ ጮኹ፤ ቂመኛ ነው፣ ይበቀለናል አሉ። ሶንጎው ግማሽ ቀን ተከራከረ። በመጨረሻ ጃርቱ ከቁራው ጋር ሆኖ እንዲገባ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የተለያዩበትን ነገር ወርካው ሥር ይዘው እንዲመጡ፣ ሁለቱም በአራት ዓመት እንዲለቁ ተወሰነ። ፍም የሚባል ነገር ደግሞ ሶንጎው በመሐላ የመረጣቸው አምስት ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ ከዋሻ እንዳይወጣ።

«ከርከሮው በሌሊት ቢመጣና እናንተን መቀስቀስ ባንችልስ?» አለ አዲሱ አለቃ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር።

«ሂዱ፣ ጠብቁን» አለ ሰሳው። «ጤዛው ሳይረግፍ ግን እዚህ ተገኝታችሁ ያደረጋችሁትን ንገሩን።»

በዚያው ዓመት መኸር፣ ቡናው በቀላበት ሰሞን፣ አለቃው ከአምስቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ፍም እንዲፈቀድለት ለመነ። ከርከሮዎቹ እየተሰበሰቡ ነው፤ ቀድመን ካላቃጠልናቸው ይመጣሉ አለ። ሽማግሌዎቹ ስለ ነፋሱ ጠየቁት። ሣሩ አጠገብ ማን እንደሚኖር ጠየቁት። ባለፈው እሳት ስንት ግልገል እንደሞተ ጠየቁት፤ አያውቅም ነበር። «አይሆንም» አሉት። አለቃው ተቆጣ፤ ግን ፍሙን አልያዘም። ጠባቂዎቹን ብቻ ይዞ ሄደ።

ከርከሮዎቹ መጡ። በሦስት በኩል ተመለሱ፤ በአራተኛው በኩል ግን ገብተው የአንዲት መበለት ጥንቸል ሃያ እግር እንሰት ገለበጡ።

በነጋው ጥንቸሏ ከጓሮዋ የተነቀለውን አሚቾ ጎትታ ወርካው ሥር ጣለችው። «ይህን ማን አመጣብኝ?» አለች። «ወሬው ቀድሞ ደርሷችሁ እንደነበር ሰምቻለሁ። ከርከሮዎቹ እንዳይመቱ የከለከለው ማን ነው?»

የሌሊት ወፎቹ ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ። መጀመሪያ ቁራው ባልተጠየቀበት ሊናገር ከጀለና ጃርቱ በዓይኑ አስቆመው። ከዚያ ከአምስቱ አንዱ፣ አሮጌው ድኩላ፣ ያ በፊት መሬት መሬት ያይ የነበረው፣ ቀና ብሎ ተነሣ። አራቱም ተከተሉት።

«እኛ ነን የከለከልነው» አለ። «ስማችን ይኸውና። የከለከልንበትን ምክንያት እንነግርሻለን፤ ተሳስተናል ካልሽ እዚሁ ክሰሽን፣ ሶንጎው ይፈርዳል። እስከዚያው ሃያውን እግር እያንዳንዳችን ከጓሮአችን አራት አራት አድርገን እንተክልልሻለን።»

ጥንቸሏ መሬት ላይ ተቀመጠች። «በሉ ንገሩኝ» አለቻቸው፣ «አንድ በአንድ።» ድኩላውም ከነፋሱ ጀምሮ መናገር ያዘ።